የፍልሰታ እንቁላል

የላቦራቶሪው የደም ማሽከርከሪያ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ። ሰርካለም ክዳኑን ከፈተችና የደም ቲዩቦቹን አንድ በአንድ እያወጣች መደርደሪያው ላይ ሰካች። ቀዩ ደም ከታች ረግቶ ሴረሙ፣ የደሙ ውኃ፣ ከላይ ቀርቷል። የሰባቱ በሽተኞች ሴረም ጥርት ያለ ነው። የስምንተኛው፣ የባዬ፣ ግን እንደ ሁልጊዜው ነጣ ብሎ ደፍርሷል።

"ደግሞ ጀመረው ይኼ ሰውዬ!" አለች ለራሷ።

እስክሪብቶዋን አንስታ መዝገቡ ላይ ጎንበስ አለች። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጽፍ የከረመችውን ልትጽፍ ነው፤ "ናሙና ስምንት ደፍራሳ ነው፤ እንደገና ይቀዳ።" ግን እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ዓይኗ ዘጠነኛው ቲዩብ ላይ አርፎ ነበር። ዘጠነኛው የራሷ ደም ነው። ከጤነኛ ሰው የሚወሰደው የማነጻጸሪያ ሴረም ስላለቀ፣ ጊዜ እንዳይባክን ብላ ጠዋት ከገዛ ክንዷ አስቀድታ ከሌሎቹ ጋር አሽከረከረችው። እሱም እንደ ሰባቱ ጥርት ያለ ነው። አንስታ ከሰባቱ ጎን ብታሰልፈው ማን የማን እንደሆነ በቁጥሩ ካልሆነ አይለይም።

እሷ ደግሞ ከትናንት ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ነሐሴ አሥራ አራት ነው፤ ፍልሰታ።

"ወይኔ!" አለች ሰርካለም። ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። የተበላሸው የባዬ አይደለም። ባዬ ብቻ ነው ትክክሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎንደር ከሚሠሩት የምርምር ማዕከሎች በአንዱ፣ ካላዛር የሚባለው የአሸዋ ዝንብ በሽታ ይዟቸው ከቆላ ለመጡ ስምንት ሰዎች አዲስ ክኒን ይሞከራል። ሠላሳ ቀን በየቀኑ የሚወጉትን መርፌ የሚያስቀር ክኒን ነው፤ ከሠራ ለስንቱ ጎስቋላ ዕረፍት ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው። ቅባት ካላገኘ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሽተኛው ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በልቶ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥቶ ክኒኑን ይውጣል። አራት ሰዓት ላይ ደሙ ይቀዳና ምን ያህል መድኃኒት እንደገባበት ይለካል። ቅባት የበላ ሰው ሴረም በዚያ ሰዓት ይደፈርሳል። ይኼን ሰርካለም ተምራዋለች፣ ለተለማማጆችም አስተምራዋለች። ግን ሰባት ሰው አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ ሲለይ፣ ማን ነው ሰባቱን የሚጠረጥር?

ደግሞስ አታውቅም ነበር? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ታውቅ ነበር። ነሐሴ አንድ ቀን፣ የጾሙ መግቢያ ላይ፣ ዶክተር ኢዮስያስ የጥናቱን መመሪያ ለሠራተኞቹ ሲያነብ "እንቁላልና ወተት" የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብላ ነበር። 'ዶክተር፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ጾም ላይ ናቸው' ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ 'በሽተኛ ጾም የለበትም፣ ቄሶቹም ይሉታል' ብላ ዋጠችው። ከጎኗ ነርስ እታገኘሁ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ዶክተሩ ራሱ ከንፈሩ ደርቆ ነበር የሚያነበው፤ እሱም ጿሚ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ውኃ የነካው አልነበረም።

ሰዓቷን አየች። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ስድስት ሰዓት ላይ ዶክተሩ ከጥናቱ ተቆጣጣሪዎች ጋር በኢንተርኔት ይሰበሰባል። አጀንዳው አንድ ነው። በሰባቱ ደም ውስጥ መድኃኒቱ ስላነሰ ከነገ ወዲያ፣ ከነሐሴ አሥራ ስድስት ጀምሮ፣ የክኒኑ መጠን እጥፍ ይሁን የሚል ነው። የባዬን ውጤት "የናሙና ችግር" ብለው ሊጥሉት ተስማምተዋል። ያስባላቸውም የእሷ መዝገብ ነው።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ደግሞ ጾሙ ይፈታል። ሰባቱም ቅቤውን፣ ዶሮውን፣ ወተቱን በአንድ ቀን ያገኙታል፤ በላዩ ላይ እጥፍ ክኒን። ሰርካለም ክኒኑ በአይጦች ላይ የተሞከረበትን ጥናት አንብባለች። መጠኑ ያለፈባቸው አይጦች ጉበታቸው ተበላሽቶ ነው ያለቁት። መዝገቧን በብብቷ ይዛ ወደ በሽተኞቹ ክፍል በሩጫ ወረደች።

እታገኘሁን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

"እታገኝ፣ በማርያም እውነቱን ንገሪኝ። ቁርሱን ሲበሉ ታያለሽ?"

"ምን ማለትሽ ነው? ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል።"

"ሲበሉ ታያለሽ ወይ ነው ያልሁሽ።"

እታገኘሁ የያዘችውን ጨርቅ አጣጥፋ እንደገና ፈታችው። "ሽማግሌ ሰውዬ አፍ ውስጥ እንቁላል ልክተት እንዴ? ክኒኑን ሲውጡ አያለሁ። ሳህኑ ባዶ ነው። 'በልቷል' ብዬ እፈርማለሁ። ምን ሆነሻል አንቺ?" አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የልጆች እናት ነኝ ሰርኬ" ብላ ጨመረችበት።

ሰርካለም አልፋት ገባች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አያ ዋኘው ሦስተኛው አልጋ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከሳንጃ ወዲያ ሰሊጥ ሲያርሱ የኖሩ፣ ስድሳ የሞላቸው ሰው ናቸው። ከክፍሉ ማዶ ባዬ፣ የኮላ ድባው የጭነት ማኪና ሹፌር፣ በስልኩ ቪዲዮ እያየ ይስቃል።

"እንደምን ዋሉ አያ ዋኘው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ደም ቀድታችሁ የለም እንዴ? ደግሞ ልትመጭብኝ ነው?"

"ደምስ በቃን። ቁርስ ምን በሉ ዛሬ?"

"የሰጣችሁኝን።"

ሽታው ግን ቀድሞ አፍንጫዋ ገባ። ከአልጋው ሥር አሮጌ ቦርሳ አለ። ሰርካለም ተንበረከከችና ዚፑን ሳበችው። በፌስታል ተጠቅልለው ስድስት የተቀቀሉ እንቁላሎች ተደርድረዋል። ልጣቸው እንኳ አልተነካም።

አያ ዋኘው አልደነገጡም። "የፊተኞቹን ሸዋአየሁ ልጄ ለዘበኛው ውሻ ሰጠች" አሉ። "እነዚህን ለፍስክ ያዝኋቸው። እህል መጣል ነውር ነው።"

"ወተቱስ?"

"ወተቱንማ ያ ጾም ሻሪ ነው የሚጠጣው። የሰባታችንንም። ጠዋት ጠዋት እንደ ጥጃ ነው።"

"የሰባታችሁን?" ሰርካለም ወደ ባዬ ዞረች። ደሙ ለምን እንደዚያ እንደደፈረሰ አሁን ገባት።

"ሁላችንም ጿሚ ነን፤ እኔ ነኝ ያስተባበርኋቸው" አሉ አያ ዋኘው። ከዚያ እጇን ያዙና ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ። ያን ጊዜ ትኩሳቱ ሲጥለኝ ለእመቤቴ ተስያለሁ። ካተረፍሽኝ ፍልሰታሽን አልሽርም ብያለሁ። ብትናገሪ ስለቱም ይፈርሳል፣ እነሱም ከክኒኑ ያስወጡኛል። መርፌውን አልችለውም ልጄ፤ ወንድሜ በሱ ሲሰቃይ አይቸዋለሁ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ አትናገሪብኝ!"

ሰርካለም እጇን መንጠቅ አቃታት። እሷም የፍልሰታ ልጅ ናት፤ በእመቤታችን የያዛትን ሰው እምቢ ብላ አታውቅም። በቅርብ ካለው ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ደወል ተሰማ፤ ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስብሰባው ተጀመረ ማለት ነው።

"አያ ዋኘው፣ እኔም የሚሉትን ሰማሁ፣ እርስዎም ይስሙኝ" አለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። "መድኃኒቱ ያለ ቅባት ደም ውስጥ አይገባም። ደማችሁ ውስጥ ስላጡት አለቆቹ ክኒኑን እጥፍ ሊያደርጉት ነው። ከነገ ወዲያ።"

"ያድርጉት። እንውጠዋለን።"

"ከነገ ወዲያ ግን ፍስክ ነው። እርስዎም ዶሮ ይበላሉ። ያን ጊዜ የሚገባው መድኃኒት ጉበት አይችለውም። ባዬን ደግሞ ይዩት። እሱ ዛሬም ሞልቶለታል። የስምንት ሰው ወተት ይጠጣል፤ እጥፉ ሲጨመርበት የመጀመሪያው እሱ ነው የሚወድቀው።"

ሽማግሌው እጇን ለቀቁት። ባዬን አዩት። ባዬ መታየቱ ገብቶት "ምነው አያ፣ ዛሬስ ምን አጠፋሁ?" አለና ሳቀ።

"ዝም በል አንተ" አሉት፤ ድምጻቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም። ወደ ሰርካለም መለስ ብለው "እኔ በሰጠሁት ወተት ሊሞት?" አሉ።

"ወተቱ ምን አደረገ። ዝም ካልን ነው የሚሞተው።"

አያ ዋኘው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቦርሳውን በሁለት እጃቸው አነሱና ጭኗ ላይ አኖሩት።

"ፈትቼሻለሁ፣ ሂጅ። ስሜን ግን እንዳትደብቂ፤ እኔው ነኝ ያስተባበርሁ በይ።" በሩ ላይ ስትደርስ መልሰው ጠሯት። "ደግሞስ የቸገራቸው ቅባት ከሆነ ሰሊጥ ምን አጠፋ? ሰሊጥ ፍትፍት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማን ከለከለን? የጠየቀን የለም እንጂ!"

ሰርካለም ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች። ከትናንት ጀምሮ ባዶ ሆዷን ስለሆነች ራሷን አዞራት፤ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፣ ደግማ ወጣች። የስብሰባው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ዶክተር ኢዮስያስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ "ስለዚህ በእጥፉ ከተስማማን ዛሬውኑ እፈርማለሁ" ይላል። ሳታንኳኳ ገባች።

"ሰርካለም፣ ስብሰባ ላይ ነኝ እኮ!"

እሷ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ዶክተሩ አፍንጫውን ያዘና በሌላ እጁ የኮምፒውተሩን ድምጽ ዘጋው።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"የአያ ዋኘው ቁርስ ነው ዶክተር። የሦስት ቀን። ሰባቱም ጾም ናቸው። ክኒኑን በባዶ ሆድ ነው የሚውጡት። የባዬ ናሙና አልተበላሸም፤ የበላ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። መጠኑን እንዳትጨምሩ፣ ሰው ትገድላላችሁ!" አለችው። እንዲህ ጮኻ ተናግራው አታውቅም።

ዶክተር ኢዮስያስ እንቁላሎቹን በዓይኑ ቆጠረ። ከማያ ገጹ ላይ ሦስት ሰዎች ድምጽ የሌለው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

"የሁለት ሳምንት ቅጽ 'በልቷል' ተብሎ ተፈርሞበታል" አለ ቀስ ብሎ። "ይኼ ሲታወቅ ጥናቱን ሊዘጉት ይችላሉ። የአንቺም፣ የእታገኘሁም፣ የኔም ውል እዚሁ ላይ ነው። ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ዶክተሩ ደረቅ ከንፈሩን ላሰ። 'ዝም ካለ እኔ እናገራለሁ' ብላ ሰርካለም ወደ ኮምፒውተሩ አንድ እርምጃ ተጠጋች። ቀድሟት ድምጹን ከፈተው።

"ይቅርታ፣ የመጠኑን ጭማሪ ሰርዣለሁ" አለ። "ጥናቱም ለጊዜው ይቆም። ምክንያቱን ዛሬውኑ በጽሑፍ እልክላችኋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ሰዎቹ ብዙ ጠየቁ፣ እሱም ብዙ መለሰ። ሲያበቃ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ከመሳቢያው የስህተት ማሳወቂያ ቅጹን አወጣና በፊቷ አኖረው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

"ያወቅሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ሙይው" አለ። "'ማን ደረሰበት' የሚለው ላይ ስምሽን ጻፊ። 'መቼ' የሚለው ላይ የዛሬን ቀን አድርጊ። ሴረሙን አይታ ወዲያውኑ አሳወቀች ከተባለ ማንም አይነካሽም። ምናልባት ምስጋናም ይኖረው ይሆናል።"

ሰርካለም ስሟን ጻፈች። ከሥሩ ያለው ባዶ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ዛሬ ብላ ብትጽፍ ሐሰት አይደለም፤ ቲዩቦቹን ያየችው ዛሬ ነው። ሽማግሌው ግን ስሜን አትደብቂ ብለዋታል። እታገኘሁም ልጆች አሏት። ዛሬ ከተባለ ጥፋቱ የሁለቱ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው።

"ነሐሴ 1" ብላ ጻፈች።

ዶክተሩ ቅጹን ወደራሱ ሳብ አድርጎ አየው። "ተሳስተሻል። ዛሬ አሥራ አራት ነው።"

"አልተሳሳትሁም። እንቁላልና ወተት ብለው ሲያነቡ እኔ እዚያች ወንበር ላይ ነበርሁ። ያኔውኑ አውቄዋለሁ፣ ዝም አልሁ።" ጠረጴዛውን አየችው። "ውኃው እዚህ ጋ ነበር ዶክተር። ማናችን ነካነው?"

ውጭ ዝናቡ ጋብ ብሎ ቅዳሴው ይሰማል። ሰርካለም ከስሟ ጎን የቀረውን ባዶ ቦታ ለዶክተሩ በጣቷ አሳየችውና እሱም ስሙን እንዲጽፍ እስክሪብቶውን ወደሱ ገፋ አደረገችለት።