የሊማሊሞዋ ሚዜ

የዓለምወርቅ ድምፁን የሰማችው ጫጉላ ቤት ውስጥ፣ ከባሏ ከክንዴ ጋር ቁርስ ቀርቦላቸው ሳለ ነው። ጉርሻው አፏ ሳይደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከምትሠራበት ከእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ግቢ የሞተር ድምፅ ይመጣል፤ አይጨምር፣ አይቀንስ፣ ዝም ብሎ ያጉረመርማል።

«ሞተር ሳይክሏ መጣች!» አለች። ትንሽ አዳመጠችና ፊቷ ተለዋወጠ። «ያ የሥራ ባልደረባዬ ቢራራ ነው! አስነሥቶ በባዶ ማርሽ አቁሟታል። ኧረ በሥላሴ፣ ሊገድላት ነው!»

ክንዴ የደባርቅ አስተማሪ ነው፤ ነገር ሲጠናበት መነጽሩን ይጠርጋል። ጠረገና «ቆማ ብትሠራ ምን ትሆናለች? ዕረፍት አይደለም እንዴ?» አለ።

ዕረፍት! እንግዲህ ይህን የሚል ሰው ነው ያገባችው፤ ምን ይደረግ፣ ትወደዋለች። ደብረ ዘይት ለሥልጠና በተላከች ጊዜ አስተማሪያቸው ይህችን ነገር ጆሯቸው እስኪደነቁር ደጋግሞላቸዋል። የአዲስ ሞተር ዕድሜ የሚወሰነው ሾፌሮች ሮዳጅ በሚሉት በመጀመሪያው መግሪያዋ ነው። ፒስተኑን ያቀፉት ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተፋጭተው ልካቸውን መያዝ አለባቸው፤ ለዚህ ደግሞ ሸክምና ዳገት ይፈልጋሉ። ያለ ሥራ ቆማ ስታጉረመርም ከዋለች ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ ወዲያማ ዘይት ስትጠጣና ሰማያዊ ጭስ ስትተፋ ትኖራለች እንጂ ዳገት አትወጣም። ይህችኛዋ ደግሞ በአውራጃው ታይቶ የማይታወቅ ጉልበት ያላት፣ የሊማሊሞን ዳገት ሳትንፈራገጥ ትወጣለች የተባለላት ናት።

የዓለምወርቅ ይህችን ሞተር ሳይክል ስትጠብቅ ከርማለች። ለዛሪማ ቆላ ከብቶች ክትባት በበረዶ ጠቅልላ በበቅሎ ስታወርድ በረዶው መንገድ ላይ እየቀለጠ መድኃኒቱ ይበላሻል፤ ባለከብቶቹ ፊት ባዶ እጇን መቆም አንገሽግሿታል። ኃላፊዋ ጓድ ገሠሠም ቁርጡን ነግሯታል። ሞተሯን በደንብ የገራ ሰው ይይዛታል፤ ሙሽራ ነኝ ብላ ከቀረች ግን ቁልፉ የቢራራ ነው።

ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች። በሩን አማቷ ወይዘሮ በለጠች ሞልተውታል።

«ወዴት?»

«ሥራ ልገባ፣ እማማ።»

«የምን ሥራ! እንሶስላው ከእጅሽ ሳይለቅ? ሙሽራ ብቻዋን አትወጣም። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነውር አልታየም፣ አይታይምም!»

ሌላ ምራት ብትሆን አንገቷን ደፍታ ትመለስ ነበር። የዓለምወርቅ ግን የዳባት ልጅ ናት፤ አማቷን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። ቁመታቸውን አየች፤ ትከሻቸውን አየች፤ ይልቁንም ክብደታቸውን አየች። ፊቷ በራ።

«እውነትዎን ነው፣ ብቻዬን አልወጣም። እርስዎ ሚዜ ይሁኑኛ! ወይስ ይፈራሉ?»

ክንዴ መነጽሩን እንደገና ጠረገ። በደባርቅ ከተማ ወይዘሮ በለጠችን «ይፈራሉ ወይ» ብሎ የጠየቀ ሰው እስከዚያች ቀን አልተገኘም።

«በለጠች ናት የምትፈራው?» አሉና መቀነታቸውን አጠበቁ። «ስንት አመለኛ በቅሎ የገራሁ ሴት ነኝ! ነይ፣ ውጪ!»

ግቢው ውስጥ ቢራራ እጁን አጣምሮ፣ ልጁን ክርስትና እንዳስነሣ አባት እየተኩራራ ቆሟል፤ ጓድ ገሠሠም ከጎኑ አለ። የዓለምወርቅ ሰላም እንኳ ሳትለው ሞተሩን አጠፋችበት።

«ምነው! አሁን ገና ነው እኮ ያስነሣኋት!» አለ።

«እግዜር ይስጥህ፣ አሁን ገና መሆኑ ነው የበጀን። ጓድ ገሠሠ፣ ዛሬውኑ ዛሪማ ወርጄ በሊማሊሞ አወጣታለሁ። ስመለስ ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ቁልፉን ለእሱ ስጡት፤ እኔም ከበቅሎዬ ጋር እኖራለሁ።»

ቢራራ ሳቀ። «በመጀመሪያ ቀኗ? ያውም ሸክም ጭነሽባት?»

«ያለ ሸክምማ ምን ዋጋ አለው!»

«ሸክም ያልሽው እኔን ነው?» አሉ ወይዘሮ በለጠች።

«ሚዜዬን ነው፣ እማማ። ይውጡባት።»

ኬላው ላይ ወታደሩ ገመዱን ወጥሮ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀ። «ሙሽራ ላናፍስ ነው፤ አንተን ምን አገባህ?» አሉት ወይዘሮ በለጠች። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ገመዱን ለቀቀላቸው።

ቁልቁለቱን የዓለምወርቅ ጋዙን ለቅቃ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዛት ወረደች። ከአፋፉ እስከ መጀመሪያው ጥምዝ ድረስ ወይዘሮ በለጠች ያልጠሩት ታቦት የለም፤ ደረስጌ ማርያምንማ ሁለት ጊዜ ጠሯት። ጥምዙ ሲበዛ ታቦት ከመጥራት ወደ ስድብ ዞሩ፤ ስድቡ ሲያልቅባቸው ዝም ብለው አገሩን ማየት ጀመሩ። ዛሪማ ላይ ጥላ ፈልገው ሞተሯን አቀዘቀዟት፤ ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዞሯት።

አሁን ነው ሥራው! የዓለምወርቅ እንሶስላ በሞቀው እጇ ጋዙን ጨመቀች፤ ሞተሯ አገሳች፣ ወጣች። ጥቂት ሄደችና ጋዙን ለቀቀችላት፤ እንደገና ጨመቀች።

«ምነው፣ ደከማት?» አሉ ከኋላ።

«ትንፋሽ ትውሰድ ብዬ ነው። ትሠራለች፣ ታርፋለች፤ ደግሞ ትሠራለች።»

«እሰይ፣ ሰው አያያዝ ታውቂያለሽ።»

የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ የዓለምወርቅ ወደ ኋላ ገልመጥ አለች። ከጭስ ማውጫው ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ያ ሁሉ ኩራቷ በአንዴ ከዳት። ቢራራ ሲስቅ ታያት፤ በረዶው ሲቀልጥ፣ የዛሪማ ሰዎች ዝም ብለው ሲያይዋት ታያት።

«ምንድን ነው? ንገሪኝ!»

«ጭስ ነው፣ እማማ። ቀለበቶቹ ገና አልያዙም። ካልያዙ ቁልፉ ሄደ፣ ሥራዬም አብሮ ሄደ።»

«ታዲያ ምን ያስፈልጋታል?»

«ዳገትና ሸክም።»

«ዳገቱ ይኸው፤ ሸክሙም ከኋላሽ ተቀምጧል!» አሉ ወይዘሮ በለጠች፤ ወገቧንም እንቅ አደረጉ። «ንጂ!»

ነዳች። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ እንደገና ሦስተኛ። ከፊታቸው እህል የጫነ ካሚዮን እያቃሰተ ይወጣል። «ይህንን ሽማግሌ ተከትለሽ ልታድሪ ነው? እለፊው!» የሚል ትእዛዝ ከኋላ መጣ፤ አለፈችው። ወይዘሮ በለጠች እልልታቸውን ሲያቀልጡት ሾፌሩ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ቀረ። የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ ጠራ። የዓለምወርቅ ዞር ብላ ብታይ ጭስ የለም፤ ጥቂት ቆይታ አየች፤ አሁንም የለም። ደስታዋ እንባ እንባ አላት።

አፋፉ ላይ አቆመች። ወይዘሮ በለጠች ወርደው የመጡበትን ገደልና ከገደሉ ወዲያ የተኮለኮለውን ተራራ ትክ ብለው አዩት።

«እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ወሩን ሙሉ ግድግዳ ነው ያየሁ» አሉ። «አማቴ መስኮት እንኳ አላስከፈቱኝም። በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ ልክ እንደ እኔ። ለካ ይህ ሁሉ አገር እዚህ ነበር! ቆጨኝ፣ ልጄ።»

የዓለምወርቅ እጃቸውን ስማ ሞተሯን አስነሣች።

ግቢው ሲመለሱ ጓድ ገሠሠ ነጭ መሐረቡን አውጥቶ ከጭስ ማውጫው ፊት ያዘ። «ጋዝ ስጫት» አለ። የዓለምወርቅ ጋዙን ጨመቀች፤ ግቢው ተናጋ። መሐረቡን ገልብጦ አየው፣ አሸተተው፣ ለቢራራም አሳየው። ዘይት የሚባል አልነካውም። ጓድ ገሠሠ ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ ለሙሽራዋ ዘረጋላት።

ከእሷ እጅ የወይዘሮ በለጠች ቀደመ። ቁልፉን ለቀም አድርገው የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«ወሩ እስኪወጣ ይህ እኔ ዘንድ ነው» አሉ። «ሙሽራ ብቻዋን አትወጣም ብያለሁ።»

የዓለምወርቅ ሆድ ባሳት፤ ያን ሁሉ ዳገት አብረው ወጥተው! ቢራራ ፈገግ ማለት ጀመረ።

ወይዘሮ በለጠች ቋጠሮውን ሳብ አድርገው አጠበቁ፤ ሄደውም እግራቸውን አንሥተው ከሞተሯ ኋላ ወንበር ላይ ጉብ አሉ።

«ምን ታይኛለሽ?» አሏት። «ነገ ወዴት ነው የምንሄደው?»