የኋላው ወንበር

መካኒኩን ወንድሜን ሰፈሩ «መጋዝ» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም። ጋራዡ ውስጥ የሚጮህ ካለ ይቆርጣል፣ የሚንቀጠቀጥ ካለ ይቆርጣል። እኔ ጥርሴን ባመመኝ ቀን አጠገቡ አልደርስም።

የአባባ አሮጌ መኪና ዳገት አልወጣ አለች። ሆስፒታሉ ደግሞ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። አባባ ሳንባቸው ደክሟል፤ በየሳምንቱ እዚያ ካልደረሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ወንድሜ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣና የጭስ ማጣሪያው እንደተደፈነ ነገረኝ።

«ቆርጬ እጥለውና ባዶ ቱቦ እበይድላታለሁ። እንደ ፍየል ነው የምትወጣው!»

«ለምን ተደፈነ?»

«አርጅቶ ነዋ፣ እትዬ።»

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ለምን ተደፈነ?»

«ወይ አንቺ! ቆይ ላሳይሽ።»

ከፊት ያለውን ብሎን ፈታና ጭሱ ማጣሪያው ጋ ሳይደርስ እንዲወጣ አደረገ። ሞተሩ እያጓራ ሲነሳ ጎረቤት ሁሉ በበሩ ብቅ አለ። ወንድሜ ፊቱ በራ፤ መጋዙን አነሳ።

«አስቀምጠውና ኋላ ግባ፤ እኔ እነዳለሁ» አልኩት።

«ለምን ኋላ?»

«አባባ የሚቀመጡት እዚያ ነዋ!»

የኋላው ወለል ዝጎ ተበስቷል፤ ምንጣፍ ጣል አድርገንበት ነበር የምንሄደው። መኪናዋ እውነትም እንደ ፍየል ወጣች፣ ያ ደግሞ አናደደኝ። ዳገቱን ሳናጋምስ ጭሱ በወለሉ ቀዳዳ ገባና ወንድሜ ማሳል ጀመረ። ከዚያ ጣሪያውን በቡጢ ደበደበ።

«አቁሚ! አቁሚ እኮ ነው የምልሽ!»

አቆምኩ። እንባው እየወረደ መንገድ ዳር ተቀመጠ። አሳዘነኝ፤ ግን አልለቀቅኩትም።

«አባባ እንዲህ ብለው መጮህ ይችላሉ?»

መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ተመለስን፤ መጋዙን ሚስማሩ ላይ ሰቀለና ሞተሩን ከፈተ። አንዷ ካንዴላ ሞታለች፤ እሳት አትሰጥም። ያልተቃጠለ ቤንዚን እያለፈ ማጣሪያውን እያቃጠለ ሲደፍነው ከርሟል። ካንዴላዎቹን ቀየረ፤ ከተጋጨ መኪና ላይ ደህና ማጣሪያ ፈልጎ ገጠመ፤ ወለሉንም በላሜራ በየደ።

በቀጠሯቸው ቀን አባባ ኋላ ተቀመጡ። ዳገቱን ስንጀምር እሳቸውም ጀመሩ።

«ማርሽ ቀይሪ እንጂ! ቀኝሽን ያዢ! ለመሆኑ ማን ነው መንዳት ያስተማረሽ?»

ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፌን አልይዝም ነበር። ያን ቀን ግን እስከ ጫፍ ድረስ ሲቆጡኝ፣ አምላኬን እያመሰገንኩ ነዳሁ።