ትክክል ሆና የከሰረችው መምህርት

የመምህርቷ ቤት ጣሪያ ዝናብ ማስገባት ጀምሮ ሠራተኞች ሲያፈርሱት፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ታላቅ ወንድሟ ዘንድ ገባች። ወንድሟ ዕድሜውን ሙሉ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ልጁ አግብቶ ሲወጣ ባዶ የቀረውን ክፍል ይዞ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ወርቅና ነዳጅ ይገዛል፣ ይሸጣል። ወርቁንም ነዳጁንም በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። የሚነግደው በዋጋቸው ነው፤ ይወጣል ብሎ ይገዛል፣ ይወርዳል ብሎ ይሸጣል፣ ግምቱ ከሠመረ ያተርፋል፣ ካልሠመረ ይከፍላል።

መምህርቷን የገረማት ግን ንግዱ አልነበረም። ይህ ወንድሟ ኳስ ሲያይ ቤቱን በጩኸት የሚያናውጥ፣ ቁልፍ ሲጠፋበት የሰፈሩን ሰው ሁሉ የሚያምስ ሰው ነው። እዚያ ክፍል ሲገባ ግን ውኃ ይሆናል። ሚስቱ የጥርስ ሐኪም ናት። «ማደንዘዣ ብወጋው እንኳ እንዲህ አይረጋልኝም» ትላለች።

መምህርቷ ጂኦግራፊ ነው የምታስተምረው፤ ያልገባትን ነገር ደግሞ ዝም ብላ ማለፍ አይሆንላትም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ወንበር ስባ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ?»

«ስሳሳት ዋልኩ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ስሳሳት ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

«ስህተቴ ትንሽ ነዋ!»

እሷም ሳቀች፤ ነገሩ ግን ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ግማሽ ያህሉን ጊዜ የሚሳሳት ሰው እንዴት ሳይከስር ይኖራል? ወጥራ ስትይዘው አሳያት። ከመግዛቱ በፊት ከዋጋው ዝቅ ብሎ፣ ከመሸጡ በፊት ደግሞ ከፍ ብሎ አንድ መስመር ያሰምራል።

«ዋጋው እዚህ ከወረደ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ሳልከራከር እወጣለሁ። ከዚያ ራሴን እጠይቃለሁ፦ እዚህ ድረስ ቢወርድ፣ ካለኝ መቶ እጅ አንዱን ብቻ እንዳጣ ምን ያህል ልግዛ? መስመሩ ከራቀ ትንሽ እገዛለሁ፤ ከቀረበ ጨመር አደርጋለሁ።»

«ትርፉንስ መቼ ነው የምታስበው?»

«ሲመጣልኝ ቶሎ አልወጣም፣ ይሂድ እለዋለሁ። አንድ እያጣሁ ሁለትና ሦስት ካመጣልኝ ግማሹን ብሳሳት ምን አለበት? ስንት እንደማተርፍ የሚወስነው ገበያው ነው፣ የኔ እቴ። ስንት እንደማጣ የምወስነው ግን እኔ ነኝ።»

በዚህ አልበቃትም። ለመጋረጃ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አውጥታ የራሷን ሒሳብ አስከፈተችው። ወንድሟ እየተጠራጠረም ቢሆን አሳያት። እሷ ደግሞ ዓለምን በካርታ የምታውቅ፣ ዜና የማያመልጣት ሴት ናት። የቱ ወደብ እንደተዘጋ፣ የት ድርቅ እንደገባ ታውቃለች። መጀመሪያ በጥቂት በጥቂቱ ስትሞክር ግምቷ ሠመረላት። ሲሠምርላት ደግሞ ያ «ከመቶ አንድ» የሚባለው ነገር ያናድዳት ጀመር። ያወቁትን ነገር በማንኪያ መቅመስ ምን ይሉታል?

በዚህ መሀል ወርቅ ሊወጣ ነው ብላ ቆረጠች። ወንድሟ ደግሞ ይወርዳል ብሎ እንደ ልማዱ በትንሹ ሸጧል። ቁርስ ላይ ተከራከሩ፣ ማንም አልተረታም። መምህርቷ ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ስልኳን አወጣች። የሚያገበያየው ድርጅት ደንበኛው ካለው ብዙ እጥፍ እንዲገዛ ይፈቅዳል። ዋጋው ዝቅ ሲልና የደንበኛው ገንዘብ ሊያልቅ ሲል ግን ማንንም ሳይጠይቅ ግዢውን ይዘጋዋል። ይህን ታውቃለች። ቢሆንም የተፈቀደላትን ያህል ገዛች፤ መስመርም አላሰመረች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ስለ ወንዞች ልታስተምር ክፍል ገባች።

በእረፍት ሰዓት ስትከፍተው ግዢው የለም። ዋጋው ትንሽ ወርዶ ነበር፤ ትንሽ ብቻ። ለእሷ ግን ያቺ ትንሽ በቂ ነበረች። ድርጅቱ ዘግቶባት፣ ከመጋረጃው ገንዘብ የቀረላት ለመጋረጃው ማንጠልጠያ እንኳ የማይበቃ ነበር። ከሰዓት በኋላ ያስተማረችውን ተማሪዎቿ እንጂ እሷ አልሰማችውም። ወደ ቤት ስትመለስ ደግማ ብታየው ወርቅ ተነሥቶ፣ እሷ ይደርሳል ካለችበት ዘልሎ አልፏል።

በቀጥታ ወንድሟ ክፍል ገባች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይወጣል አላልኩም?»

«ብለሻል።»

«ወጣ አይደል?»

«ወጣ። እኔንም ከመስመሬ አስወጣኝ፤ ከመቶ አንዷን ከፍዬ ተሰናበትኩ።»

«ታዲያ የእኔ ገንዘብ የት ሄደ?»

ስልኳን ተቀብሎ አየው። ይቆጣኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና፣ «እኔ ተሳስቼ ሙሉ ነኝ፣ አንቺ ልክ ሆነሽ ባዶ ነሽ» አለ። «ይሄ አያስገርምም?»

ከንዴቷ ይልቅ መገረሙ በለጠባት። ራት ከመቅረቡ በፊት ወጥ ቤት ገብታ የወንድሟ ሚስት ልትዘፈዝፈው ያወጣችውን ባቄላ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«እትዬ፣ ትንሽ እንጫወት። ሳንቲም እወረውራለሁ። ዘውድ ከወጣ ላስያዝሽው አንድ ፍሬ ሁለት ትጨመሪያለሽ፤ ጎፈር ከወጣ ያስያዝሽውን ታጫለሽ።»

«ይሄማ ለተጫዋቹ ያደላል!» አለች ሐኪሟ።

«ያደላል እንጂ። ማየት የፈለግሁት እያደላም ሰው ይከስር እንደሆነ ነው።»

ከፊሉን እኩል ተካፍለው የቀረውን መክፈያ እንዲሆን መሀል አስቀመጡ። ሐኪሟ፣ ባቄላው የነገ ምሳ ነው ብላ ሳስታ፣ በየዙሩ ካላት ከአሥር አንዱን ብቻ ታስይዛለች። መምህርቷ ሆን ብላ ከአራቱ እጅ ሦስቱን ታስይዛለች። ሳንቲሙ ለሁለቱም አንድ ነው። መጀመሪያ ዘውድ ተከታትሎ መጣና የመምህርቷ ክምር ተራራ አከለ።

«በቃ፣ ነገ ምሳ እሷ ዘንድ ነን» አለ ወንድሟ ከበሩ ላይ ቆሞ።

ከዚያ ጎፈር መጣ፣ ደግሞ ዘውድ፣ ደግሞ ጎፈር። ተራራው ጉብታ ሆነ፣ ጉብታው እፍኝ ሆነ። በመጨረሻ ዘውድና ጎፈር የወጡበትን ሲቆጥሩት እኩል ነው። የሐኪሟ ክምር ከጀመረችበት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። መምህርቷ ፊት የቀረችው አንዲት የተሸበሸበች ፍሬ ብቻ ነበረች። መምህርቷ ፍሬዋን አንሥታ እያገላበጠች አየቻት። ሳንቲሙ አልከዳትም። የከዳት መጠኑ ነው።

ከደሞዟ ጥቂት ቆንጥራ እንደገና ጀመረች፤ አሁን በመስመርና በልክ። ስትሳሳት ትወጣለች፣ ግምቷ ሲሠምር ትቆያለች። የዜና ዓይኗ ግን ያው ነው፤ ከወንድሟ ይልቅ የእሷ ግምት ብዙ ጊዜ ይሠምራል። እሱም ይህን ልብ ብሎ ኖሯል።

አንድ የበዓል ቀን ጠዋት፣ «ነዳጅን ምን ትያለሽ?» አላት እንደ ዋዛ።

«የሚወርድ ይመስለኛል።»

ይህን እንደሰማ ወደ ክፍሉ ገባ። ቆየት ብላ ስትከተለው ኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን ተክሏል፤ ጠረጴዛው ሥር ግን እግሩ እንደ ስፌት መኪና ይርገበገባል። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ጎንበስ ብላ የሸጠበትን መጠን አየች። ከልማዱ አምስት እጥፍ ነው።

«ወንድም ጋሼ! ይሄ ምንድነው?»

«አንቺ እኮ ዓይንሽ አይስትም።»

«በወርቁም አልሳተም ነበር እኮ!»

ወንድሟ አፈረ። አራቱን እጅ ዘግቶ አንዱን አስቀረ። ወዲያው እግሩ ቆመ። መምህርቷ እግሩንም ፊቱንም ደጋግማ አየች። እስከ ዛሬ እርጋታው ትንሽ ያስነግደዋል ብላ ነበር የምታስበው። ለካ ትንሽ መነገዱ ነው የሚያረጋው!

ነዳጁ እሷ እንዳለችው እስከ ምሳ ድረስ ቁልቁል ወረደ። ወንድሟ ምሳ ላይ አኩርፎ ሹካውን ሳህኑ ላይ ያንሸራትታል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«አትርፎ ነው» አለች መምህርቷ።

«አትርፎ ነው እንዲህ የጠቆረው?»

«ትንሽ ነዋ ያተረፍኩት!» አለ ወንድሟ እህቱን በጎሪጥ እያየ።

መምህርቷ ሆዷ እስኪያማት እየሳቀች ነበር።