አንድ ሰው አለ በል

ሉማሜ ከተማ ውስጥ የሙሉዬ እጅ ያላረፈበት ታፔላ የለም ማለት ይቻላል። የሻይ ቤቱም፣ የጸጉር ቤቱም፣ የወፍጮ ቤቱም፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ሳይቀር የእሷ ጽሑፍ ነው። ከተማው «ሙሉዬ ታፔላ» ይላታል እንጂ የአባቷን ስም የሚጠይቃት ሰው የለም። እሷም ጠይቁኝ ብላ አታውቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጸጋው ወደ ሱቋ ሲገባ በእጇ የያዘችው ብሩሽ ባለበት ቆመ። ጸጋው ከአዲስ አበባ የመጣ የፕሮጀክት ባለሙያ ነው። እሷ ከጥፍሩ እስከ ጸጉሩ ታውቀዋለች፤ እሱ ግን አያውቃትም።

«የዋንዛ ጨፌን የእግር መንገድ በሚቀጥለው ሳምንት እናስመርቃለን» አላት። «መግቢያው ላይ የሚቆም ትልቅ ታፔላ እፈልጋለሁ። ቀላል የእግር ጉዞ መንገድ የሚል። ሽማግሌም ሕፃንም ሳይቸገር የሚሄድበት ነዋ! ከሥሩ ደግሞ ሁለት ስንኝ ግጥም ጣል አድርጊበት። ሰምና ወርቅ ያለው ይሁን፤ የዚህ አገር ሰው ይወዳል አሉ።»

«ስለ ማን ልጻፈው?»

«መንገዱን ስለ ሠራው ሰው ነዋ» አለና ሳቀ። «ስሜ ባይጠራም ግድ የለም። እኔ መሆኔ ከታወቀ ይበቃል።»

«እሺ፣ እጽፍልዎታለሁ» አለችው። በልቧ ግን፣ እግዜር ይመስገን በገዛ እግርህ መጣህልኝ፣ እያለች ነበር።

መንገዱን የሠራው አባቷ ነው። አለበል ገበሬ ነበር፤ በልጅነቱ ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ አባቱ ሲሞቱ ወደ ሞፈሩ የተመለሰ። እናቱን ሊቀብር በወጣበት ክረምት ቃሬዛው ከነሬሳው ጨፌው ውስጥ ሰጠመ። ጨፌውን ዞሮ ወደ ጊዮርጊስ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በመካከሉ የቆረጠ ደግሞ እስከ ወገቡ ይገባል። አለበል በዚያች ቀን ማለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እርሻው ጋብ ባለ ቁጥር፣ ከኮረብታው ድንጋይ በጀርባው እያወረደ ጨፌው ላይ ደረደረ። ከጨፌው ወዲያ ያለውን የጊዮርጊስን ደንም አቋርጦ እስከ ቅጥሩ የሚያደርስ መንገድ ጠረገ። በየድንጋዩ ላይ በመሮ አንዲት «አ» ቀረጸ። ሙሉዬ ፊደልም ቅኔም የቆጠረችው ያን ጊዜ ነው፤ እሱ ድንጋይ ሲያስቀምጥ እሷ ዳር ቁጭ ብላ።

ከሦስት ዓመት በፊት ጸጋው መጣ። አለበል እንግዳ አከበርኩ ብሎ ሁለት ወር ሙሉ መራው፤ ሙሉዬ ከተማ ሱቋ ስለምትውል ከሩቅ ብቻ ነው ያየችው። የትኛው ሣር ሰው እንደሚውጥ፣ ወፎቹ የት እንደሚፈለፍሉ፣ ለደከመው የትኛው ጥላ እንደሚሻል፣ አንድ ሳያስቀር አሳየው። ጸጋው ጻፈ። በዓመቱ ካርታው ታትሞ ሲወጣ ከታች «አጥኚና ቀያሽ፦ ጸጋው» ይል ነበር። የአለበል ስም በነጠላ ሰረዝ እንኳ አልተጠቀሰም። ድንጋዮቹም «ጽሑፉ መንገዱን ያቆሽሻል» ተብለው አንድ በአንድ በፊታቸው ተደፉ።

ይህም አልበቃው። አለበል አንድ እሑድ ለቅዳሴ ሲሄድ መንገዱ መግቢያ ላይ በተተከለው አዲስ በር የቆመው ጥበቃ «አባባ፣ ባጅ የሌለው አይገባም ተብሏል» አለው። አለበል ፊቱን አዞረ። በዚያ ዶፍ ዝናብ ጨፌውን ዞሮ ሄደ፣ ዞሮ ተመለሰ፣ ደረቱን ያዘው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሞተ። ሬሳውም ግማሽ ቀን ዞሮ ነው ጊዮርጊስ የደረሰው፤ መንገዱ ለእድሳት ተዘግቷል ተብሎ። ሙሉዬ ያን ቀን አላለቀሰችም። የዚያን ሰውዬ ውርደት ሳላይ አላለቅስም አለች።

ታፔላውን በተዋዋሉ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ድጅኖ በጆንያ ጠቅልላ ወደ ጨፌው ወረደች። «ለታፔላው ቦታ ልለካ ነው» ስትለው ጥበቃው አሳለፋት። ሐሳቧ ግልጽ ነበር። ውሃው ጥልቅ የሚሆንበትን ድንጋይ ታውቀዋለች፤ እሱን ከሥሩ ታላላዋለች። በምርቃቱ ቀን ጸጋው እንግዶቹን እየመራ፣ በነጭ ጫማው ይረግጠዋል። ከዚያ በኋላ አወጡት አላወጡት የእሷ ጉዳይ አይደለም።

ድጅኖዋን ሰክታ ድንጋዩን አነሣችው። በሆዱ በኩል ጭቃ የሞላት «አ» ብቅ አለች።

በጣቷ ጠረገቻት። ይህን ድንጋይ አባቷ በጀርባው ሲያወርድ ትዝ አላት፤ ማታ እናቷ ትከሻውን በቅቤ ስታሸው። እንዴት አድርጋ ትንቀለው? ደግሞስ ጸጋው ጭቃ ቢነካው ምን ይሆናል? ልብሱን አሳጥቦ፣ በራሱ ስቆ፣ እንደገና ባለ መንገድ ሆኖ ይኖራል። ንዴቷ ጨመረ እንጂ አልበረደም። ድንጋዩን መልሳ አስተካከለችና፣ ስሙን የቀማው እሱ ከሆነ የሚመልሰውም እሱ ራሱ ነው፣ በገዛ አፉ ነው፣ አለች።

በዋዜማው ጸጋው ታፔላውን ሊያይ መጣ። በአረንጓዴ መደብ ላይ በነጭ ቀለም እንዲህ ይላል፦

*ይህን ቀላል መንገድ ማን አቀናው ሲባል፣*
*ጨፌ ያሻገረን አንድ ሰው አለ በል።*

ሁለት ጊዜ በልቡ አነበበው። ፊቱ በራ። «አንድ ሰው አለ በል! ስሜን ሳትጠሪ ጠራሽኝ እኮ! ወርቁ ግን የታለ?»

«ወርቁ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው የሚሰማው» አለችው። «ነገ እርስዎ ራስዎ ያንብቡት።»

በማግሥቱ የጨፌው ዳር በሰው ተሞላ። ከከተማ በመኪና የመጡ እንግዶች ድንኳን ሥር ተቀመጡ፤ ገበሬውና የጊዮርጊስ ካህናት ፀሐይ ላይ ቆሙ። ጸጋው ጨርቁን ገለጠና ደረቱን ነፍቶ አነበበ። «…አንድ ሰው አለ በል!»

ከዚያ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ። «ይድገሙት!»

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ «ይድገሙት» የሚባለው ወርቁ ሲገኝ ነው። ጸጋው ግን አድናቆት መስሎት አጎንብሶ እጅ ነሣና ደገመው። አሁን ገበሬው ተንሾካሾከ፣ አንዷ አሮጊት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ይድገሙት!» አለ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ። ጸጋው ደስታው ልኩን አለፈ፤ እጁን ዘርግቶ፣ ሕዝቡን እያሳተፈ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። «ጨፌ ያሻገረን አንድ ሰው…»

«አለበል!» አለ ሕዝቡ።

እልልታው ጨፌውን አናወጠው፤ ወፎቹ ተነሡ። ከእንግዶቹ አንዱ ግራ ተጋብቶ «አለበል ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ባለ መንገዱ ነዋ» አሉ መሪጌታ። «ድንጋዩን በጀርባው ተሸክሞ የደረደረው። ነፍሱን ይማርና፣ ይኸው ባለሙያው ራሳቸው ሦስት ጊዜ መሰከሩለት። ምልክቱ ከሥር አለ፣ ገልብጣችሁ እዩት።»

ሁለት ጎረምሶች የመጀመሪያውን ድንጋይ ገለበጡት። «አ» ወጣች። ሁለተኛውን ገለበጡ። እንግዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ድንጋዩንም፣ ታፔላውንም፣ ከታፔላው ሥር አፉን ከፍቶ የቆመውን ጸጋውንም አብረው አነሡ። ታፔላው ይነሣ እንዳይል፣ ለምን ቢሉት ምን ይመልሳል?

ሙሉዬ የቀለም ባልዲዋን ይዛ ከሰው ኋላ ቆማ ነበር። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ሳትጠርገው ፈገግ አለች፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ጸጋው ሰዉን እየገፋ መጣና ፊቷ ላይ ተገተረ።

«አንቺ» አለ፤ «ሙሉዬ… ሙሉዬ ማን ነው ስምሽ?»

«አራተኛ ጊዜ ድገመውና ስማው» አለችው። እርስዎ ማለቷን ትታ ነበር።

ባልዲዋን አንሥታ ወደ ጊዮርጊስ ልትሻገር በሩ ላይ ደረሰች። ጥበቃው ባጅ አልጠየቃትም፤ ኮፍያውን አውልቆ አሳለፋት።