ሃያ ሦስተኛው ማማ

«ንቀለው» አለች ፊደንሲያ።

ወንድሟ ዊልበርት መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። በጥርሱ የያዛቸውን ሦስት ሚስማሮች መዳፉ ላይ ተፋቸው።

«ምኑን?»

«ሚስማሩን ነዋ። የመታኸውን ሁሉ።»

«እታለም፣ እኔ እኮ ካንኩን ከተማ አሥር ፎቅ ሆቴል የማቆም ሰው ነኝ። አንዲት ማማ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ፎቅህን ኮርማ አይወጋውም።»

በሜክሲኮዋ የሽካኒል መንደር የኮርማ መጋፈጫው ሜዳ በየዓመቱ ለበዓሉ ይሠራል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይፈርሳል። አርባ ቤተሰቦች በየድርሻቸው አንዳንድ ማማ ያቆማሉ፤ ከታች አጥር፣ ከላይ መቀመጫ። ማማው ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ጋር በቃጫ ገመድ ሲታሰር ዙሪያው ይገጥማል። ሚስማር የሚባል ነገር አይገባበትም። የታሰረ እንጨት ኮርማ ሲላተመው ለመጥ ብሎ ይመለሳል፣ የተቸነከረው ግን ይሰነጠቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ሽካኒል ውስጥ አለ ቢሏት ፊደንሲያ አታምንም ነበር። ያውም ከገዛ ቤቷ!

እንጨቱን ከጫካ ያስቆረጠችው እሷ፣ ጉድጓዱን የማሰችው እሷ፣ ቋሚውን ያቆመችው እሷ። ለዊልበርት የቀረው ገመዱን ማምጣትና ማሰር ብቻ ነበር። «ዓርብ እመጣለሁ» አለ። ዓርብም ቅዳሜም አለፈ። ዛሬ እሑድ፣ በበዓሉ ቀን እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከአውቶቡስ ዱብ አለ፤ ገመድ የለ፣ ምን የለ፣ ሁለት ኪሎ ሚስማር አንጠልጥሎ። «በዚህ ይፈጥናል» ነው ያለው።

ለምን ቀደም ብላ ራሷ አላሰረችውም? ማማው በዊልበርት ስም ነዋ። አባታቸው ዶን ኔሜስዮ ዘንድሮ እግራቸው ሲከዳቸው ለኮሚቴው ነግረው ቦታውን ለወንዱ ልጃቸው አዛወሩ። የሚያስረው ደግሞ ባለስሙ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገመዱን ውኃ ውስጥ የዘፈዘፈችው፣ እየለካች ያቀበለችው፣ ከሥር ሆና ጫፉን የሳበችው ማን ነበር? ይህን የጠየቃት ሰው የለም።

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ አሉ» አለ ከቀኙ ማማ ላይ ኤሊሂዮ ፔች፣ እግሩን አንጠልጥሎ ብርቱካን እየላጠ። «ዊልበርት፣ ያንን ብረትህን ከእኔ ቋሚ አርቅልኝ። ከተቸነከረ ነገር ጋር አልታሰርም።»

«አንተ ደግሞ ብርቱካንህን ብላ» አለው ዊልበርት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶን ፕሪሚቲቮ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው እየዞሩ ነበር። ክፍተቱ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ሃያ ሦስት ቁጥር ዛሬም ክፍት ነው? ስምንት ሰዓት አልፏል እኮ። ኮርማዎቹ ደርሰዋል።»

«እየዘጋነው ነው፣ ዶን ፕሪሚቲቮ» አለች።

«ስሚ፣ ልጄ። እስከ ዘጠኝ ተኩል ካልተዘጋ ቦታውን ለካኑል ቤተሰብ እሰጣለሁ። እንጨታቸውን ጭነው ቆመዋል። አንዴ ካሰሩ ደግሞ ቦታው የእነሱ ነው፣ ለልጅ ልጅ። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ወደ ቤት ሮጠች።

አባቷ ከጣሪያው በተንጠለጠለው የመረብ አልጋ ላይ ጋደም ብለው ነበር። ዛሬ ሲጠይቁ ይህ ስምንተኛቸው ነው።

«ዊልበርት አሰረው?»

«ገመድ አንሶታል፣ አባዬ። ይነሱልኝ፣ ወንበሩ ላይ ላስቀምጥዎት።»

የጉድጓዱን ውኃ መቅጃ ገመድ ፈታች። የሦስቱንም አልጋዎች ማንጠልጠያ ፈታች። መረቦቹ መሬት ላይ ተዘረፈጡ።

«ማታ ምን ላይ ልንተኛ ነው?»

«መሬት ላይ።»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። «ለዊልበርት ከሆነ ውሰጂ» አሉ።

ገመዱን ባልዲ ውስጥ ነክራ እያንጠባጠበች ተመለሰች።

ዊልበርት ሚስማሩን ነቅሎ ጨርሷል፤ መዳፉ ደምቷል። ገመዱን ተቀብሎ ማማው ላይ ወጣ። ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ቋጠረና በእጁ ገፋ ሲያደርገው ማገሩ ወረደ። እንደገና ቋጠረ፣ እንደገና ወረደ።

«ረስቼዋለሁ» አለ።

«አልረሳህም። ድሮም አልተማርከው። አባዬ ሲያስሩ አንተ ኳስ ሜዳ ነበርክ። ውረድ።»

ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጎጠችና ወጣች። እርጥቡን ገመድ አንዴ በቋሚው፣ አንዴ በማገሩ አዞረች፣ በመሐሉ አሾለከችው፣ በእግሯ ቋሚውን ተደግፋ ሳበች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ከሥር ዊልበርት ገመድ ያቀብላታል። ካመጣቸው የጭነት መኪና ላይ ኮርማዎቹ ጣውላውን ሲረግጡ ይሰማል። ኤሊሂዮ ብርቱካኑን ትቶ ያያታል። ለላይኛው መቀመጫ የሚሆን ገመድ አልተረፈም፤ ዘንድሮ ተመልካች አያስቀምጡም። አጥሩ ግን ገጠመ። የቀረው ከኤሊሂዮ ቋሚ ጋር የሚያገናኘው አንድ ቋጠሮ ነው።

ዶን ፕሪሚቲቮ ሰዓታቸውን እያዩ መጡ። ደብተራቸውን ገለጡ።

«ሃያ ሦስት። ዊልበርት ኡይካብ። ተዘግቷል» እያሉ ጻፉ።

ፊደንሲያ የገመዱን ጫፍ እንደያዘች ቆመች።

«ማን ብለው ጻፉ?»

«ያው የተመዘገበውን ነዋ።»

«ይሰርዙት።»

«አንቺ ልጅ፣ ያስመዘገበው እኮ አባትሽ ራሱ ነው። መዝገብ ነው ይሄ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። እንግዲያው እኔም ይህችን አልስባትም።»

ሰውዬው ወደ መኪናው ዞረው አዩ። ፈረስ ላይ ሆነው ኮርማውን በገመድ የሚይዙት ሰዎች ማጉረምረም ጀምረዋል።

«ኤሊሂዮ፣ እስቲ ተናገራት።»

«ምን ብዬ?» አለ ኤሊሂዮ። «እኔ የምታሰረው ከእሷ ጋር ነው። እሱ ያሰረውንማ አየሁት።»

ዊልበርት የደማውን መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ይጻፉላት፣ ዶን ፕሪሚቲቮ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ለአባዬስ ማን ይነግራቸዋል?»

«አንተ» አለችው።

ዶን ፕሪሚቲቮ እየተነጫነጩ ሰረዙና ጻፉ።

«ያንብቡልኝ።»

«ሃያ ሦስት። ፊደንሲያ ኡይካብ።»

እግሯን ቋሚው ላይ አስደግፋ ገመዱን ሳበች።