የጁምዓ እንግዶች

ይመር በልጅነቱ ወባ ይዞት ከግድግዳ ጥግ ተኝቶ ሳለ የሰማት አንዲት ወሬ ነበረች። ግማሿን ትኩሳቱ፣ ግማሿን ዕድሜው በልቷታል። ቦታው ወሎ፣ ቃሉ ነው። አባቱና ጎረቤታቸው አባ ባልቻ ደጅ ተቀምጠው ስለ ማሽላው ይጨቃጨቃሉ።

«ዘንድሮስ ዝንጀሮው ጨረሰኝ» ይላል አባቱ።

«ለመሆኑ ምን ብሎ ነው አንተን የመረጠህ? የእኔ ማሽላ አይጣፍጥም?»

«እኔ ምን አውቄ! እሱን አትጠይቀውም?»

«እሱንማ አላገኘሁትም፣ ጠግቦ ተኝቷል። እስኪ አንተ ንገረኝ።»

አባቱ የሆነ ነገር መለሰ። አባ ባልቻ ሳቀ፤ የሳቁ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ አለ። መልሱን ግን ይመር አልሰማም፣ እንቅልፍ ወሰደው።

ዛሬ ያ ልጅ ጢሙ ሸብቷል። ከጂዛን በላይ፣ ፈይፋ ተራራ ላይ፣ የአንድ ሰው ቤትና የቡና እርከን ይጠብቃል። ከምን? ከዝንጀሮ። አላህ ሲሻ ሰውን ባሕር አሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ፣ እዚያው የአባቱ ሥራ ላይ ያስቀምጠዋል። ይመር «አልሐምዱሊላህ» ይላል። የሚያጉረመርም ሰው አይደለም።

ዝንጀሮዎቹም የሚያጉረመርሙ አይደሉም፤ ኑሮ ተመችቷቸዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ከገደሉ ይወጣሉ። መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ክዳኑን ገልብጠው ይጠጣሉ፣ ጥቂቶቹም ይታጠቡበታል። ቀጥሎ ሙዙን፣ ቀጥሎ ዘይቱኑን ያያሉ። የበሰለውን በልተው ያልበሰለውን ነክሰው ይጥላሉ፤ ለነገ ማስቀመጥ የሚባል ነገር ማንም አላስተማራቸውም። ከዚያ የኩሽናው መስኮት ተከፍቶ እንደሆነ ይፈትሻሉ። መሪያቸው ጎፈሩ ትከሻው ላይ የተዘረጋ፣ ሲራመድ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ የሚመስል ሽማግሌ ወንድ ነው። ከታች ፍየል የሚጠብቁት የወሎ ልጆች «ሙዲር» ብለው ስም አውጥተውለታል፣ አለቃ ማለታቸው ነው። ሁሉን ያያል፣ ምንም አይሠራም፣ ቀድሞ ይበላል።

የቤቱ ጌታ አቡ ፉአድ ሳምንቱን የሚውለው ታች ጡዋል፣ ከየመን ድንበር ላይ ነው፤ የጭነት መኪናዎች አሉት። ድንበር ላይ ማን ገባ ማን ወጣ ሲያይ የሚውል ሰው፣ የገዛ ጓሮው ድንበር ላይ የሚያልፈውን ማስቆም አቃተው። ይህ ነገር ያናድደዋል። ሐሙስ ማታ ፒካፑን እየነዳ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «ሰላም ዐለይኩም»፣ ሁለተኛው «ዛሬስ ምን በሉ?» ነው።

አንድ ሐሙስ ይመር ስልኩን ይዞ ቀረበው። ልጁ ዘርፌ የድምፅ መልእክት ልካ ነበር። «አባባ፣ ኒካሑ ከአረፋ በፊት ነው። በወኪል ልዳርሽ እንዳትለኝ። አንተ ራስህ መጥተህ የሙሽራውን እጅ ጨብጠህ ካልሰጠኸኝ አላገባም፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ አረጃለሁ፤ ያን ጊዜ ደስ ይበልህ።» ይመር የተቆጣውን ክፍል ትቶ ፍሬ ነገሩን በዐረብኛ አስረዳ።

አቡ ፉአድ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን «አይሆንም» ብሎ በገላገለው። «ትሄዳለህ እንጂ!» አለው። «ለልጅህ ኒካሕ ያልሄድክ ለምን ልትሄድ ነው? ብቻ አንድም ዝንጀሮ የማይረግጠው ግቢ አሳየኝና፣ የመውጫና የመመለሻ ቪዛህን በዚህ ስልክ እዚሁ ቆሜ አወጣልሃለሁ። አሁን ትተኸኝ ብትሄድ ግን ስትመለስ ቤቱን እነሱ ተከራይተውት ታገኛለህ።»

የአቡ ፉአድ ልጅ ፉአድ ጂዛን ከተማ ይማራል። ነገሩን ሲሰማ ደስ አለው፤ ዕቃ መግዛት የሚወድ ልጅ ነው። መጀመሪያ የፕላስቲክ ንስር አምጥቶ ጣሪያው ላይ ሰቀለ። በማግስቱ ንስሩ ጭንቅላት አልነበረውም፤ አንድ ግልገል ጭንቅላቱን ሲያንከባልል ሰነበተ። ቀጥሎ የነብር ድምፅ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ መጣ። እውነትም ያስፈራል። ከወሎ ልጆች የአንዱ፣ የሙስጠፋ፣ ፍየሎች ፈርተው እስከ አል-ዒዳቢ መንገድ ድረስ ተበተኑ። ዝንጀሮዎቹ ግን ነብሩ እስኪወጣ ማጉያውን ከበው ጠበቁ፤ ሳይመጣ ሲቀር ሽቦውን በሉት። ከዚያ ይመር የአቡ ፉአድን አሮጌ ቀሚስና ራስ ላይ የሚጣል ሺማግ አልብሶ ማስፈራሪያ አቆመ። ቀትር ላይ ሙዲር ሺማጉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ከማስፈራሪያው ጎን ተቀምጦ፣ ሸለቆውን ቁልቁል ሲመለከት ተገኘ። ከሩቅ ላየው ሁለት ወንድማማቾች ርስት የሚካፈሉ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሽቦ ተዘረጋ። ሽቦው የነዘረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን እንደሆነ ይመር አይናገርም፤ የሚያሠራውን ሰው ስም በከንቱ አያነሳም።

ይህ ሁሉ ውጊያ እንግዲህ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ነው። ጁምዓ ሌላ ቀን ነው።

ጁምዓ፣ አቡ ፉአድና ልጁ ቀደም ብለው ወደ መስጊድ ሲወርዱ፣ ከአሮጌው የድንጋይ ቤት ምድር ቤት «ያ ይመር!» የሚል ድምፅ ይመጣል። የአቡ ፉአድ እናት ሐጃ ሰፊያ ናት። ጉልበቷ ታሟል፤ ከበሯ ደፍ አታልፍም። እጇ ግን አልታመመም። በየሳምንቱ ለሞተ ባሏ ነፍስ ሩዝ በበግ ሥጋ ትሠራለች። የተረፈ እንዳይመስላችሁ፣ ገና ቤተሰቡ ሳይቀምስ ተጨልፎ፣ ዘቢብ ተነስንሶበት፣ በሰፊ ትሪ የሚወጣ ነው።

«ለአላህ ፍጥረት ነው ልጄ። እርከኑ ጫፍ ያለው ድንጋይ ላይ አኑርልኝ። ወፎቹ ይብሉ፣ አጅሩ ለማርሑም ባሌ ይድረሰው።»

«ኢንሻአላህ ሐጃ።»

ይመርም ቢስሚላህ ብሎ ትሪውን ይሸከማል፣ ድንጋዩ ላይ ይገለብጣል፣ ዞር ይላል። ዞር ብሎ ሳይጨርስ ሙዲር ደርሷል። ወፎቹም ይመጣሉ፣ ድንጋዩን ለማጽዳት። በዚያ ቤት ሰዓቱን ጠብቆ የሚፈጸም ሥራ ይህ ብቻ ነበር።

ታዲያ ይመር አያውቅም? ያውቃል። ግን ሰደቃ የዘረጋች ባልቴት እጅ መያዝ ከበደው። ሟቹን ሰው ጀነት በር ላይ ሳህኑን የነጠቀው ይመስለው ነበር። ስለዚህ ጁምዓ ያስተናግዳቸዋል፣ ቅዳሜ ድንጋይ ይወረውርባቸዋል። ዝንጀሮዎቹም ይህን የቅዳሜ ጠባዩን እንደ ሕመም ቆጥረው ታገሡት።

ነገሩን ከታች ሆኖ የሚያየው ሙስጠፋ ግን አልታገሠም። የዚያኑ ሰሞን ጁምዓ፣ ይመር ባዶ ትሪውን ይዞ ሲመለስ፣ ከፍየሎቹ መካከል ሆኖ ጮኸበት።

«አያ ይመር! ዛሬስ ጌቶቹ ምን አሉ? ሥጋው በስሎላቸዋል?»

«ዝም በል አንተ።»

«ወላሂ ጅራት ቢኖረኝ እኔም እወጣ ነበር። እኛ እዚህ ታች ፉል በደረቅ ኹብዝ፣ እነሱ እዚያ ላይ በግ በዘቢብ! አገር ቤት ስትመለስ ስለ ዐረብ አገር ደግነት እንድትመሰክር ነው?»

«ቤቴማ እንዳልመለስ የያዙኝ እነሱ አይደሉ እንዴ!»

«እነሱ ናቸው ወይስ ትሪው? ለሐጃ ንገራት!»

«ምን ብዬ? የባልሽን ሰደቃ ዝንጀሮ በላው ልበላት?»

«እሺ፣ አትንገራት። የዘርፌን ኒካሕ ግን ለሙዲር አስታውቀው። እሱ በወኪልነት ይዳራት፤ ሺማግም አለው።»

ይመር «አስተግፊሩላህ» ብሎ ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ትሪውን ሲያጥብ አጠበ፣ አጠበ፣ ውሃው እስኪያልቅ አጠበ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አቡ ፉአድ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። ከተራራው ግርጌ መንገድ ዳር «ዝንጀሮ መመገብ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል፤ ከሰሌዳው ሥር ዝንጀሮዎች ተቀምጠው፣ ከከተማ የመጡ ሰዎች በመኪና መስኮት ድንች ጥብስ ሲያቀብሏቸው አይቶ ነው የመጣው። «እነዚህ ሰዎች አያፍሩም? የሚያበላቸው ባይኖር ይመጡ ነበር?» እያለ ገባ። ይመር መሬት መሬቱን አየ። ፉአድ በበኩሉ ከኪሱ አንድ ፓኬት አወጣ። መርዝ ነው።

«ኸላስ!» አለ አቡ ፉአድ። «ነገ ሩዝ ላይ ደባልቀህ ትሰጣቸዋለህ። ሩዝ ይበላሉ አይደል?»

«ይበላሉ፣ ዐሚ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«እ... አይቻለሁ።»

«ጎበዝ። ነገ ሲያልቁ ቅዳሜ ቪዛህን አወጣልሃለሁ። ልጅህን ትድራለህ።»

ጁምዓ ደረሰ። ሰዎቹ ወደ መስጊድ ወረዱ። «ያ ይመር!» የሚለው ድምፅ መጣ። ይመር ትሪውን ተቀበለ። እጁ ላይ የሟች ሰደቃ፣ ኪሱ ውስጥ መርዝ፤ ከሁለቱ ማዶ ዘርፌ። እግሩ ግን ወደ እርከኑ አልሄድ አለው። ትሪውን ደፉ ላይ አስቀመጠና ሐጃ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምን ሆንክ? አመመህ?»

«የለም ሐጃ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ማርሑም፣ አላህ ይማራቸውና፣ እንስሳ ይወዱ ነበር?»

«ግመል ይወድ ነበር።»

«ዝንጀሮስ?»

ሐጃ ሰፊያ ሳቀች። «ዝንጀሮ! አንተ ልጅ፣ ዕድሜውን የጨረሰው እነሱን ሲያባርር አይደለም እንዴ! ጠመንጃውን ሳያነግት ቡናው ውስጥ አይገባም ነበር። ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ መስኮቱን ዝጉት፣ ይገባሉ ይል ነበር።»

ይመር ትሪውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። ባልቴቷ ትሪውን አየች፣ እሱን አየች፣ ከተቀመጠችበት ወደማይታያት እርከን ዞረች።

«ይመር፣ ይህን ሩዝ ወፎች ናቸው አይደል የሚበሉት?»

«ወፎቹም ይበላሉ፣ ሐጃ። እነሱ ጠግበው ሲነሱ።»

«እነማን?»

«ማርሑም መስኮት ዝጉ ያሉባቸው።»

ሐጃ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ያ አላህ! ይህን ሁሉ ጊዜ ለጠላቶቹ ነው የምቀቅለው? ለመሆኑ አንተ አይደለህም ወስደህ የምትሰጣቸው?»

«አንቺ ሰጠሽኝ፣ እኔ አስቀመጥኩ።»

«አፍ የለህም?»

«አለኝ ሐጃ። የሰደቃ ነገር ሆኖብኝ ነው።»

በሐዘን ጀምራ በሳቅ ጨረሰች፤ ሳቋ ትከሻዋን አንቀጠቀጠው። ይመር ያን ጊዜ የአባ ባልቻ ሳቅ ትዝ አለው። አባቱ ምን መልሶ እንደነበር አሁንም አላወቀም፤ ግን እናቱም የምግብ ትራፊና የማሽላ ግርድ ማሳው ዳር ትደፋ እንደነበር አስታወሰ።

ከዚያ ፓኬቱን አውጥቶ ትሪው አጠገብ አኖረው፤ ነገሩንም ሁሉ፣ የዘርፌን ኒካሕ ጭምር፣ ነገራት። ሐጃ ሳቋን አቆመች።

«ይህን ሩዝ ማን ይብላው ታዲያ? ሰደቃ አይመለስም።»

«ከታች የአገሬ ልጆች አሉ። ፍየል የሚጠብቁ።»

«ሩዝ ይበላሉ?»

«ተገኝቶ ነው፣ ሐጃ?»

የዚያን ቀን ሙስጠፋና ጓደኞቹ ፊታቸውን ታጥበው በፊት ለፊት በር ገቡ፣ በሉ፣ ለሟቹም ዱዓ አደረጉ። ሙስጠፋ ሲወጣ ወደ ሮቶው እያየ «አያ ይመር፣ ከዚህ በኋላ መታጠብም የኛ ነው?» አለ። አቡ ፉአድ ከመስጊድ ሲመለስ እናቱ ፓኬቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። «ይህን የገዛኸው ለአባትህ ሰደቃ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። ከጡዋል እስከ ፈይፋ ሾፌር ሁሉ የሚፈራው ሰው ፓኬቱን ከጭኗ አንስቶ ለልጁ አቀበለ። ያመጣው ፉአድ መልሶ ወሰደው።

ዝንጀሮዎቹ በቀጣዩ ጁምዓ መጥተው ድንጋዩን ከበው ተቀመጡ። ደመወዝ የቀረባቸው ሠራተኞች ይመስሉ ነበር። ይመርን እያዩ ጠበቁ፣ ቅር አላቸው፣ ጮኹ። እንዲህ እያሉ ሳምንታት አለፉ፤ ሮቶው በሰንሰለት ታሰረ፣ ሙዙ ሳይበስል ተቆረጠ፣ እነሱም እየተመናመኑ ቁልቁል ወረዱ፣ ወደ ሰሌዳው፣ የድንች ጥብስ ወደሚታደልበት። ሙዲር ብቻ አልሄደም። ጁምዓ ጁምዓ ሺማጉን ሳይለብስ ብቻውን እየመጣ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል።

አረፋ ቀረበ። ይመር ስልኩን ይዞ መጣ።

«አንድ ቀርቷል» አለ አቡ ፉአድ፣ ሙዲርን በጣቱ እያሳየ። «እኔ ያልኩት አንድም እንዳይረግጥ ነው። አንተ ከሄድክ ይሄ ነገ ጭፍራውን መልሶ ያመጣል። ማን ያባርረዋል? ፉአድ?»

ፉአድ ስለ አንድ አዲስ ዕቃ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ ከድንጋዩ ቤት ድምፅ መጣ።

«ስልኩን አውጣና የይመርን ቪዛ ጨርስለት!»

«እማ፣ ዝንጀሮው...»

«ያበላሁት እኔ ነኝ፣ የማባርረውም እኔ ነኝ። ፉአድ፣ የአያትህን ከዘራ ከበሩ ኋላ አምጣ።»

«ጉልበትሽስ?»

«ወንበር የለም? አንተና ልጅህስ ክንድ የላችሁም?»

አቡ ፉአድ እናቱን አየ፣ ሙዲርን አየ፣ ስልኩን አወጣና ቪዛውን ጨረሰ። ይመር ልጁን ድሮ እስኪመለስ ድረስም፣ ጁምዓ ጁምዓ አባትና ልጅ ሐጃ ሰፊያን በወንበሯ ተሸክመው እርከኑ ጫፍ ሊያስቀምጧት፣ እሷም የባሏን ከዘራ ይዛ ሙዲርን ልትጠብቀው ተስማሙ።