የተገለበጡት ወፎች

ባልየው የግድግዳ ወረቀት ለጣፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲያለብስ የገዛ ሳሎኑ እርቃኑን ኖሯል። ሚስቱ ስትጨቀጭቀው፣ እሱ «ነገ» ሲላት፣ ልጆቹ አድገው ወጡ። የሥራ ባልደረቦቹ «ቱምቢ» ይሉታል፤ ክር ላይ ብረት አንጠልጥለው የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚለኩበት ዕቃ ስም ነው። እሱ የለጠፈው ወረቀት ውልፍት አይልማ።

ታዲያ በቀደም ድንገት ተነሥቶ «ሳሎኑን ላልብሰው» ሲላት፣ ሴትዮዋ በደስታ ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም። መጠየቅ ነበረባት።

ሱቅ አብረው ሄዱ። ሻጩ ፕላስቲክ የተቀባውን ዘረጋላቸው።

«ይሄ በውሃ ይታጠባል አባባ፣ ጣጣ የለውም።»

«ግድግዳዬን ላስቲክ አላለብሰውም። ወረቀት ስጠኝ» አለ ቱምቢ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሥዕሉ ከሁሉም የሚያንሰው የትኛው ነው?»

ቢጫ መደብ ላይ ትናንሽ ወፎች ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጡበትን አሳየችው። ወፎቹ አውራ ጣት አያህሉም። ወረቀቱን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «እሱ ይሁን» አለ። እሷ እቴ፣ ለኔ ምርጫ ብሎ ነው ብላ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ግድግዳው አልቋል። ከጣሪያ እስከ ወለል ሰባት ቁራጭ፣ መጋጠሚያቸው ምላጭ አያስገባም። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የጨርቅ አበባ ተዘቅዝቆ ሲሰፋ ከበር ላይ ሆና ታየዋለች። አምስተኛው ቁራጭ ላይ ዐይኗ ሲያርፍ ክው አለች። ወፎቹ በሙሉ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለዋል።

ቱምቢ እጅጌው ላይ ሙጫው ሳይደርቅ መሀል ሳሎን ቆሟል። የሚያየው ግን ግድግዳውን ሳይሆን የእሷን ፊት ነበር።

«እህ? እንዴት ነው?»

«ቆንጆ ነው። እጅህ ይባረክ።»

«አስተውለሽ እዪው እንጂ።»

«አየሁት እኮ። እንከን አይወጣለትም።»

ሰውዬው በረጅሙ ተነፈሰ። ራቱን ጥርግ አድርጎ በላ፣ ሲቀልድባት አመሸ። እሷ ግን የመድኃኒት ወረቀት «መነጽሬ ጠፋብኝ» እያለ እሷን ማስነበቡ፣ ጎረቤት ቀድሞ ካልተናገረ በቀር ሰላምታ አለመስጠቱ፣ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣባት። ትንገረው? እንዴት ብላ? ይሄ ሰው ከእጁና ከዐይኑ በቀር ምን አለው? ሁለት ቀን ምላሷን ነክሳ ዋለች።

ሐሙስ ጠዋት እሱ መሣሪያውን አንጠልጥሎ እያፏጨ ወጣ። የት ነው ብትለው «መጣሁ» አላት። እሷ ለብቻዋ ስትቀር አንድ ዘዴ መጣላት፦ ቁራጩ ቢበላሽ ሌላ ይለጥፋል፤ ያኔ አጠገቡ ቆማ፣ ሳታስነቃ፣ ቀናውን ታቀብለዋለች። ወረቀት እንዴት እንደሚያዝ ጠንቅቃ ታውቃለች። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ እድፉን በደረቀ ዳቦ፣ ውሃ በፍጹም። ስለዚህ ጨርቅ ነክራ አምስተኛውን ከላይ እስከ ታች ፈገፈገችው። ቢጫው ወረደ፣ ወፎቹ ሟሙ። እያለቀሰች ነበር የምትፈገፍገው።

ቱምቢ እኩለ ቀን ላይ መጣ። በሩ ላይ ቆም አለ።

«እርጥብ ወረቀት ይሸተኛል።»

መልስ አልጠበቀም። መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ መጋጠሚያዎቹን እየቆጠረ ሄደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ እጁ ቆመ። የቀሩትን ሁለቱን ዳሰሰ፤ ደረቅ ናቸው።

«ማነው ይሄን የነካው?»

«እኔ ነኝ። ቆሽሾ ነበር፣ ጠረግሁት።»

«በውሃ? ሠላሳ ዓመት ለግድግዳ ነው ስናገር የኖርኩት?» ድምፁ ከፍ አለ። ከዚያ መልሶ ዝቅ አለ። «ስድስቱን ትተሽ አንዱን ብቻ። ምን ነበረበት?»

እርጥቡን ጨርቅ ከጀርባዋ ደበቀች።

«ንገሪኝ፣ ምን ነበረበት?»

«ተገልብጦ ነበር» አለች። «ወፎቹ እግራቸው ወደ ላይ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ።»

ቱምቢ ባዶውን የሙጫ ባልዲ ደፍቶ ላዩ ላይ ተቀመጠ።

«አምስተኛው ላይ ጨንቆኝ ነበር። ባቀናውም ብዘቀዝቀውም አንድ ሆነብኝ። ግድ የለም፣ እሷ ታየዋለች አልኩ። ለዚህ እኮ ነው ቤቱን ያለበስኩት። ጠማማ ነው ካለችኝ ሥራ አቆማለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አንቺ እንከን አይወጣለትም አልሽኝ።»

«እኔ እኮ እንዳይከፋህ ብዬ…»

«በማግሥቱ፣ ሥራ አለ እያለ ሲለምነኝ ለነበረው ፎርማን እሺ አልኩት። የሦስት ፎቅ ደረጃ ግድግዳ ነው፣ ርብራብ ላይ ቆሞ የሚለጠፍ። ዛሬ ጀመርኩ።»

ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበው። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ቆዳው ተልጧል።

«ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሳንቃ ያለ መሰለኝ። አልነበረም። በእጄ ተንጠልጥዬ ተረፍኩ። ፎርማኑ ከሰዓት ተመለስ ብሎኛል።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሱ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት።

«ቁጥሩ አይታየኝም። አንቺ ደውይለት።»

ደወለች። ፎርማኑ ገና ሳትናገር «ቱምቢ፣ እየጠበቅንህ ነው» አለ።

«ሚስቱ ነኝ» አለች። «ዐይኑ አያይም። ከእንግዲህ አይመጣም።»

ስልኩን ስትዘጋ ቱምቢ እርጥቡን ቁራጭ ከጫፉ ይዞ፣ ግራና ቀኙን ሳይነካ፣ ቀስ ብሎ እየላጠው ነበር። ልጦ ሲጨርስ የተረፈውን ጥቅል አነሣና ዘረጋው።

«ላይኛው የቱ ነው?» አላት። እየሠራ እሷን ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው።

ጫፉን ይዛ እጁ ላይ አደረገችለት።

«ይሄ ነው» አለችው።